ኮምፒዩተሩ በርቶ ስክሪኑ ሲጨልም

ከአሮጌ ማሽኖች ዕቃ ለቃቅመው ኮምፒዩተር የሚገጣጥሙ ወጣቶች በመካከላችን አሉ። እኛም በቁረይሻ የምናስተምር መምህራን ከሦስት የተበላሹ ማሽኖች አንዱን ሠርተን ስንገለገልበት ቆይተናል። የተማሪዎች ውጤትና የፈተና ጥያቄዎች የሚቀመጡት በዚሁ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ስናበራው መብራቱ በራ፣ ማራገቢያው ዞረ፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ሆኖ ቀረ። ገበያ ወስደን ያሳየነው ጠጋኝ «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል፣ ዲስኩም መደምሰስ አለበት» ብሎ ከወላጆች መዋጮ ካልሆነ የማናገኘውን ገንዘብ ጠየቀን። ሳንከፍል ተመለስን።

በቅድሚያ መታወቅ ያለበት ስክሪን ጨለመ ማለት ጽሑፍ ጠፋ ማለት አለመሆኑ ነው። ጽሑፉ ያለው ሃርድ ዲስክ ላይ ነው፤ ምስሉን ወደ ስክሪን የሚልከው ሌላ ክፍል ነው። ብዙውን ጊዜ ዲስኩን ነቅሎ ሌላ ኮምፒዩተር ላይ በመሰካት ማንበብ ይቻላል። ስለዚህ እንዲደመሰስ አትፍቀዱ።

ምርመራው ከውጭ ይጀምራል። ስክሪኑ ለብቻው ሲበራ «ሲግናል የለም» የሚል ጽሑፍ ካወጣ ጤነኛ ነው። ኮምፒዩተሩ የተለየ የምስል ካርድ ካለው የስክሪኑ ገመድ የሚሰካው በካርዱ ላይ እንጂ በማዘርቦርዱ መሰኪያ ላይ አይደለም። በዚህ ስሕተት ግማሽ ቀን ያባከኑ እናውቃለን፤ እኛም ከነሱ አንዱ ነን።

ኬዙን ከመክፈታችን በፊት ገመዱን ከሶኬት እንነቅላለን፤ ዕቃ ከመንካታችንም በፊት የኬዙን ብረት በእጃችን እንነካለን፤ በደረቅ ወቅት በሰውነታችን የሚጠራቀመው ኤሌክትሪክ ዕቃ ያበላሻልና። ፓወር ሰፕላዩን ግን ማንም አይፍታው። ከተነቀለም በኋላ በውስጡ አደገኛ ኃይል ይቆያል። በአሮጌዎቹ ጀርባ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ማዞሪያ አለ፤ በሱዳንም በኢትዮጵያም 230 ላይ መሆን አለበት። 115 ላይ ሆኖ ከተሰካ ይቃጠላል።

ገጣሚዎች አዘውትረው የሚረሱት አንድ ገመድ አለ። ከትልቁ ባለ 24 ቀዳዳ ሌላ፣ በፕሮሰሰሩ አጠገብ የሚሰካ ባለ 4 ወይም ባለ 8 ቀዳዳ ገመድ ነው። እሱ ካልተሰካ ማራገቢያው ሊዞር ይችላል፣ ምስል ግን አይመጣም።

የእኛ ግን በዚህም አልተፈታም። ቀጥለን ራሙን ነቀልን። በበጋ የገዳሪፍ ጥቁር አፈር እንደ ዱቄት በኖ የማይገባበት ቀዳዳ የለም፤ የራሙ ወርቃማ ጥርሶች ደብዝዘው አገኘናቸው። በንጹሕ የእርሳስ ላጲስ ቀስ ብለን ጠርገን፣ ፍርፋሪውን በደረቅ ብሩሽ አራግፈን፣ የጎንና ጎኑ መቆለፊያ «ቀጭ» እስኪል ድረስ ጫንነው። ሁለት ራም ካለ አንዱን ብቻ ሰክቶ መሞከር፣ ከዚያም ማለዋወጥ ነው። ዲዲአር 3 በዲዲአር 4 ቦታ አይገባም፤ እምቢ ካለ በጉልበት መግፋት አያስፈልግም። ትንሽ የኬዝ ድምፅ ማጉያ ካለ ጥሩ ረዳት ነው፤ ተደጋጋሚ ጩኸት ብዙ ጊዜ የራም ችግር ያመለክታል፤ ትርጉሙ ግን እንደ አምራቹ ይለያያል።

ይህም ካልሠራ፣ ገመዱ ተነቅሎ ሳለ በማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ የ3 ቮልት ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ አውጥቶ መመለስ ነው። ሰዓትና ቀኑ ይዛባል፣ ዲስኩ ግን አይነካም። ከዚያ በኋላ ከፕሮሰሰሩ፣ ከማቀዝቀዣውና ከአንድ ራም በቀር ሁሉን ነቅሎ ማብራት ነው፤ ፕሮሰሰሩ የራሱ የምስል ክፍል ከሌለው ካርዱ ይቀራል። ምስል ከመጣ፣ የተነቀሉትን አንድ በአንድ ስንመልስ የሚያጨልመው ዕቃ ይታወቃል። አዲስ ከመግዛት በፊት ከጎረቤት የሚሠራ ፓወር ሰፕላይ ተውሶ መሞከር ይሻላል። የተጠረጠረውን አሮጌ ግን በሰው ደህና ማሽን ላይ አትሞክሩ።

የእኛው ራሙ ከተጠረገ በኋላ በራ። ውጤቱንም በዚያው ቀን በፍላሽ ገለበጥን።