ባሚያው የበቀለበት ሣጥን ምን ተቀባ?

ጋምቤላ ከተማ በባሮ ወንዝ ዳር፣ ከባሕር ወለል በላይ 530 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በበጋው መጨረሻ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ይነካል፤ ከግንቦት ጀምሮ ደግሞ ዝናቡ ይበረታል። እንጨት በአንዱ ወቅት ይሰነጠቃል፣ በሌላው ይበሰብሳል፤ ምስጥ ግን ወቅት አይመርጥም። በግቢው ባሚያ፣ ቃሪያ ወይም ቆስጣ ለማልማት ሣጥን የሠራ ሰው ምን ልቀባው ብሎ መጨነቁ ተገቢ ነው።

ቶሎ የሚገኘው ከጋራዥ የሚወጣው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ነው። ለአጥር እንጨት የተለመደ ነው፤ ለምግብ መትከያ ግን ፈጽሞ አይሆንም። ዘይቱ ሞተር ውስጥ ሲሠራ ከብረቱ መፋቅ ከባድ ብረቶችን፣ ከነዳጁ ቃጠሎ ደግሞ ካንሰር አምጪ ውህዶችን ይሰበስባል። አትክልቱ ውኃ በጠጣ ቁጥር ይህ ሁሉ ወደ አፈሩ ይወርዳል።

አሮጌ የመብራት ምሰሶም ያው ነው። ምሰሶዎች እንዳይበሰብሱ በክሬኦሶት ወይም አርሴኒክ ባለበት መድኃኒት ይነከራሉ። ቀለም ያለበት አሮጌ ጣውላም ያሰጋል፤ ኢትዮጵያ በቀለም ውስጥ የሚኖረውን እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ በመንግሥት ደንብ የገደበችው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ ከዚያ በፊት የተቀባውን ማን ያውቃል? የዕቃ መጫኛ ፓሌት ሲገኝ ማኅተሙ ይታይ። «ኤች ቲ» በሙቀት የታከመ ነው፤ «ኤም ቢ» ካለ ግን ሜቲል ብሮማይድ በተባለ መርዛማ ጋዝ ታጥኗልና ይቅር።

ታዲያ ምን ይቀባ? የሺአ ዛፍ በጋምቤላ ይበቅላል፤ ቅቤው ለምግብም ለገላም ይውላል። ለሣጥን ግን አይበጅም፤ አይደርቅምና በሙቀቱ ቀልጦ ይወርዳል። የተሻለው ከደጋ የሚመጣው የተልባ ዘይት ነው። አየር ሲያገኝ ቀስ በቀስ ጠንክሮ እንጨቱ ውስጥ ይቀራል። ምንም ያልተጨመረበት ንጹሕ ዘይት ይመረጥ፤ «የተቀቀለ» ተብሎ ለቀለም ሥራ የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ ማድረቂያ ብረት አለበት። እንጨቱ በደንብ ደርቆ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል፤ ዘይቱ በስሱ ይቀባል፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ያልጠጣው ተጠርጎ ይነሳል። ሲደርቅ ሁለተኛ፣ ከዚያም ሦስተኛ ይደገማል። በወፍራሙ የተቀባ ለሳምንታት እጅ ላይ እየተጣበቀ ይቆያል። መዓዛው ሳይጠፋና ሲነካ ደረቅ ሳይሆን አፈር አይግባ።

የጠረጉበት ጨርቅ ተጨምድዶ ጥግ ላይ አይጣል። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ስለሚያወጣ የተከመረ ጨርቅ ያለ ክብሪት ሊቀጣጠል ይችላል፤ በጋምቤላ ሙቀት ደግሞ አደጋው ይብሳል። ውኃ ውስጥ ነክሮ፣ ከዚያ ዘርግቶ ደጅ ማድረቅ ነው።

ዘይቱ ምስጥን አያቆምም። ሣጥኑ መሬት ሳይነካ ብሎኬት ላይ ይቀመጥ፤ ሥሩ ውኃ ማፍሰሻ ቀዳዳ ይኑረው። ብሎኬቱ ላይ የጭቃ መስመር ከታየ ምስጥ መውጣት ጀምሯልና ወዲያው ይፋቅ። ሣጥኑ እግር ካለው ከእግሩ ሥር ውኃ ያለበት ጣሳ ማስቀመጥ ጉንዳንን ቢከለክልም ወባ በበዛበት በዚህ አካባቢ የትንኝ መራቢያ ይሆናል።