ስሙን የረሳ ሰው በማን ይታወቃል?

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ምሽት፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ቆሼ ላይ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሲቆለል የኖረው የአዲስ አበባ ቆሻሻ ተናደ። ሥሩ የነበሩትን የጭቃና የላስቲክ ቤቶች ከነሰዎቻቸው ቀበረ። ከ110 በላይ ሰው ሞተ፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ። በኋላ ተመራማሪዎች የተረፉትን ሲጠይቁ ከሦስቱ ከአንድ በላይ የሚሆኑት ድኅረ አደጋ ጭንቀት የሚባለው የአእምሮ ሕመም እንዳለባቸው አገኙ። ከዚህ ሕመም ምልክቶች አንዱ የደረሰውን ነገር ዋና ክፍል ጨርሶ አለማስታወስ ነው።

ያን ምሽት መርሳት ግን ራስን ከመርሳት ይለያል። የመጀመሪያው ብዙ ሰው ላይ ይደርሳል፤ ሁለተኛው እጅግ ጥቂት ሰው ላይ። ስሙን፣ አገሩን፣ የልጆቹን መልክ ባንድ ጊዜ ያጣ ሰው ማንበቡን፣ ሒሳብ መሥራቱን፣ መንገድ መሻገሩን አይረሳም። የጠፋበት የገዛ ታሪኩ ብቻ ነው። ሐኪሞችን ከመቶ ዓመት በላይ ያከራከረውም ይኸው ነው፤ አንጎል ተጎድቶ ቢሆን ኖሮ እንዴት እንዲህ መርጦ ይጎዳል?

ፊልሞች ነገሩን አበላሽተውብናል። ሰውየው ጭንቅላቱን ሲመታ ስሙን ይረሳል፣ ሲደገም ይመለስለታል። እውነተኛው የጭንቅላት አደጋ አብዛኛውን ጊዜ የሚወስደው ከምቱ በፊትና በኋላ ያሉትን ሰዓታት ወይም ቀናት ነው፤ ስም ይቀራል። ሄንሪ ሞሌይሰን የተባለ አሜሪካዊ በ1953 እ.ኤ.አ. ከሚጥል በሽታው እንዲድን ተብሎ አዲስ ትውስታ የሚይዘው የአንጎሉ ክፍል ከግራም ከቀኝም ተቆርጦ ወጣለት። ከዚያ ወዲህ በ2008 እስኪሞት ድረስ ጠዋት ያስተዋወቁትን ሰው ከሰዓት በኋላ አያውቀውም ነበር። ስሙንና ልጅነቱን ግን ያውቃል። እንግሊዛዊው ሙዚቀኛ ክላይቭ ዌሪንግም በ1985 ቫይረስ አንጎሉን ካቆሰለው ወዲህ የሰማው ነገር ከግማሽ ደቂቃ በላይ አይቆይለትም፤ ሚስቱ ከክፍሉ ወጥታ በተመለሰች ቁጥር ግን ከዓመታት በኋላ ያገኛት ያህል ሮጦ ያቅፋታል።

ይህን ስል ግራ የገባውን ሰው ሁሉ «ደንግጦ ነው» ብሎ መተው ይቻላል ማለቴ አይደለም። እንዲያውም ድንጋጤ መጠርጠር ያለበት መጨረሻ ላይ ነው። አስቀድመው የሚታዩት ቶሎ የሚገድሉት ናቸው፤ የስኳር ማነስ፣ የሚጥል በሽታ፣ ወደ አንጎል የወጣ ወባ፣ ማጅራት ገትር፣ ስትሮክ። በክረምት በተዘጋ ቤት የከሰል ጭስ አፍኗቸው ከተረፉ ሰዎች መካከል ከሳምንታት በኋላ ትውስታቸው የሚናጋ አሉ። ምግብ ትቶ ለዓመታት አረቄ የጠጣ ሰው ቫይታሚን ቢ1 ያልቅበትና ኮርሳኮፍ የሚባለው ሕመም ይይዘዋል፤ የጎደለውን ትዝታ ሳያውቀው በፈጠራ ስለሚሞላው ሰፈርተኛው ውሸታም ይለዋል። ሕሙም መሆኑን የሚያስብለት የለም።

አስተናግርም አለ። በየቆሻሻው ዳርና በየፈረሰው ቤት ግቢ የሚበቅለው ይህ ተክል ስኮፖላሚን የሚባል መርዝ አለበት። የበላው ሰው አፉ ይደርቃል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ይቃዣል፤ ሲነቃ ያደረገውንም የተናገረውንም አያስታውስም። ዕድሜያቸው ከ50 ካለፈ ሰዎች አንዳንዶቹን ደግሞ ድንገት የሚይዝ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ግን የሚለቅ መርሳት አለ፤ «እዚህ ምን እየሠራን ነው?» እያሉ ደጋግመው ይጠይቃሉ። ቤተሰቡን ያሸብራል እንጂ ጉዳቱ ጥቂት ነው። እነሱም ቢሆኑ ማን መሆናቸውን አይስቱም።

ይህ ሁሉ ተመርምሮ ሲያልፍ ነው ድንጋጤ የሚቀረው፤ «ቀልቡ ተገፈፈ» የምንለው ዓይነት። ሐኪሞቹ የትውስታ መለያየት ይሉታል። ትዝታው ተቀምጧል፣ ባለቤቱ ግን አይደርስበትም። ከሐፍረት፣ ከዕዳ፣ ከጦርነት፣ ከቤት ውስጥ ጥቃት በኋላ ይመጣል፤ አንዳንዴም ሰውየውን ከአገሩ አስነሥቶ ይወስደዋል። በጥር 1887 እ.ኤ.አ. ሮድ አይላንድ የሚኖረው ሰባኪ አንሰል ቦርን ከቤቱ ወጥቶ ጠፋ፤ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ብራውን በሚል ስም ሱቅ ከፍቶ ሲነግድ ሰንብቶ፣ በመጋቢት አንድ ጠዋት ነቅቶ «የት ነው ያለሁት?» አለ። በኋላ ፈላስፋው ዊልያም ጄምስ በሂፕኖሲስ አስተኝቶ ሲጠይቀው የሱቁ ሰውዬ ተናገረ። ደራሲዋ አጋታ ክሪስቲም በ1926 ለ11 ቀን ጠፍታ የተገኘችው በባሏ ወዳጅ የአባት ስም በተመዘገበችበት ሆቴል ነው። ሐኪሞች ትውስታዋን አጥታለች አሉ፤ እሷ እስክትሞት አላብራራችውም። እኔ ጥርጣሬዬን ይዤ እቆያለሁ።

ለእኛ ይህ መልክ አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 እ.ኤ.አ. ጎንደር ላይ፣ በአባ ጄሮም ገብረ ሙሴ እየተረዳ፣ መልካም አየሁ የተባሉ ባለዛር ቤት ሲውል የመዘገበው ይህንኑ ይመስላል፤ ዛሩ ሲወጣ በሌላ ስም ይፎክራል፣ ሲለቅ ባለቤቱ የተናገረውን አላውቅም ይላል። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1994 መመሪያው ዛርን በስሙ ጠቅሶታል። ዛሬም ቀልቡን የሳተ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ጠበል ይወሰዳል፤ ከጣልያን ወረራ ዘመን ጀምሮ የቆየው አማኑኤል ሆስፒታል ቀጥሎ ይመጣል። ሁለቱን ማጣላት አያስፈልግም፣ ስኳሩና ትኩሳቱ አስቀድሞ እስከተለካ ድረስ።

ከድንጋጤ የሚመጣውን መርሳት የሚመልስ የተለየ መድኃኒት የለም። ብዙዎቹ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ይመለስላቸዋል፤ የሚረዳው ጸጥ ያለ ቦታ፣ የማያጣድፍ ሐኪምና የሚያውቃቸው ሰው ነው። የሚያውቃቸው ሰው ከሌለስ? በ1918 እ.ኤ.አ. ከጀርመን ምርኮ ተመልሶ ሊዮን ባቡር ጣቢያ የተገኘው፣ አንቴልም ማንጀን የተባለው ፈረንሳዊ ወታደር ስሙን አያውቅም ነበር። ፎቶው ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ልጃቸው በጦርነት የጠፋባቸው ብዙ ቤተሰቦች የእኛ ነው ብለው ተሟገቱበት። እውነተኛ ቤተሰቡ በፍርድ ሲለይ አባቱም ወንድሙም ሞተዋል። እሱም በ1942 በአእምሮ ሕሙማን መጠለያ አረፈ።

ቆሼን ሳስብ የሚታየኝ ይህኛው ችግር ነው። ከቆሼ አጠገብ ያለው ዘነበወርቅና አካባቢው፣ አለርት ሆስፒታል በ1958 ዓ.ም. ከመመሥረቱም አስቀድሞ፣ በሥጋ ደዌ ምክንያት ከዘመድ የተለዩ ሰዎች የሰፈሩበት ነው። ከገጠር መጥተው ከክምሩ ላይ የሚለቅሙትም ብዙዎቹ መሸኛ አላመጡም። እንዲህ ያለውን ሰው ማንነት የሚመሰክረው ጎረቤቱና ዕድሩ ነው። የ2009ኙ ናዳ መታወቂያውንም ምስክሩንም አብሮ ቀበረ።

ከተማው ያለው መፈለጊያ በየምሰሶው የሚለጠፈው «አፋልጉኝ» ነው፤ ፈላጊ ዘመድ ላለው ይሠራል። ሰው ተገኝቶ ፈላጊ ሲታጣስ? በ2015 ዓ.ም. አዋጅ የወጣለት ፋይዳ መታወቂያ የዐሥሩን ጣት አሻራ፣ የዓይንንና የፊትን ምስል ይይዛል፤ ስለዚህ ተስፋ ይሰጣል። በዕለት ተዕለት አሠራሩ ግን አሻራው የሚያገለግለው ባለጉዳዩ የተናገረው ቁጥር የራሱ መሆኑን ለማረጋገጥ ነው። ስሙን የረሳ ሰው ቁጥሩንም አያውቅም።