ከሮቤ እስከ ጎባ፤ ስለ አማካይ ፍጥነት ሒሳብ

ሰው መንገድ ለመውጣት ባሰበ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፥ መንገዱ ምን ያህል ይርቃል ብሎ ነው፤ ሁለተኛውም፥ በስንት ሰዓት ይደረሳል ብሎ ነው። እነዚህን ሁለቱን አስማምቶ የሚያስረዳው ሒሳብ አማካይ ፍጥነት ይባላል። ይህ ልጆች በትምህርት ቤት የሚማሩት ሒሳብ ቀላል መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን አዋቂዎች እንኳ ብዙ ጊዜ ይሳሳቱበታል፤ ስሕተቱም አንዳንድ ጊዜ የሰው ሕይወት ያስጠፋል። ስለዚህ አባቶችና እናቶች ከልጆቻቸው ጋራ ተቀምጠው እንዲመለከቱት፥ በባሌ ደጋ መንገዶች እየመሰልን ልንገልጸው ወደድን።

የሒሳቡ ሕግ አጭር ነው። የተኼደው መንገድ ጠቅላላው፥ ለጉዞው ለዋለው ጊዜ ጠቅላላ ይካፈላል። ከሮቤ እስከ ጎባ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንድ እግረኛ ይህን መንገድ በ3 ሰዓት ተኩል ቢጨርስ፥ 14 ለ3 ተኩል ሲካፈል 4 ስለሚሆን፥ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ነው። ከዛፍ ጥላ ሥር ያረፈበትና ከወዳጁ ጋራ ቆሞ የተጨዋወተበት ጊዜም ከዚሁ ውስጥ ይቆጠራል፤ ሰው ቢቆም ጊዜ አብሮት አይቆምምና።

ዝነኛው ሯጭ ሻምበል አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ ከተማ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር የሆነውን የማራቶን መንገድ በባዶ እግሩ ሮጦ፥ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ፈጸመ። ይህ ሲሰላ በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ከ700 ሜትር ያህል፥ በሰከንድም 5 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። እንግዲህ ከሮቤ እስከ ጎባ በዚያው ፍጥነት ቢሮጥ ኖሮ፥ 45 ደቂቃ ያህል ብቻ በበቃው ነበር።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚሳሳትበት ስፍራ እንምጣ። አንድ ፈረሰኛ ከጎባ ተነሥቶ ወደ ሳነቴ አምባ 20 ኪሎ ሜትር ዳገት ይወጣል እንበል፤ ሲወጣ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር፥ ሲወርድ ግን በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ይኼዳል። ብዙ ሰው 4ንና 10ን ደምሮ ለሁለት ያካፍልና፥ አማካዩ 7 ነው ይላል። በዚህም ግምት የደርሶ መልሱን 40 ኪሎ ሜትር በ5 ሰዓት ከ43 ደቂቃ እጨርሳለሁ ብሎ ያስባል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ለዳገቱ 5 ሰዓት፥ ለቁልቁለቱ 2 ሰዓት፥ በድምሩ 7 ሰዓት ይፈጅበታል። 40 ለ7 ሲካፈል ከ5 ኪሎ ሜትር ከ700 ሜትር ብዙም አይበልጥም። ምክንያቱም ፈረሰኛው በዝግታ የኼደበት ጊዜ በፍጥነት ከኼደበት ጊዜ ስለ በዛ፥ ዝግታው በሒሳቡ ላይ አብልጦ ይከብዳል።

የዚህ ስሕተት ዋጋ በወረቀት ላይ ብቻ አይቀርም። ከረፋዱ 5 ሰዓት የተነሣው ፈረሰኛ በ10 ሰዓት ከ43 ደቂቃ ጎባ እገባለሁ ሲል፥ ሳያርፍ ቢመለስ እንኳ ከምሽቱ 12 ሰዓት ይሆንበታል። አንድ ሰዓት ያህል አርፎ እንደ ሆነ ደግሞ ጨለማ በመንገድ ይይዘዋል። ቱሉ ዲምቱ 4377 ሜትር ከፍ ብሎ በሚታይበት በዚያ አገር፥ የሌሊቱ ብርድና ጉም ለመንገደኛ አይራራም።

በመኪናም የሚኼድ ሰው ከዚህ አያመልጥም። አንድ ሰው ምጥ የያዛትን ሴት ከሮቤ ወደ ጎባ ሆስፒታል በግማሽ ሰዓት ለማድረስ አስቦ ተነሣ እንበል፤ ይህም በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ነገር ግን ከብትና ገበያተኛ መንገዱን ሞልቶበት፥ የመጀመሪያውን 7 ኪሎ ሜትር በሰዓት 14 ኪሎ ሜትር ኼደ። ሰዓቱን ቢመለከት ግማሹ ሰዓት በሙሉ አልቋል፤ ሆስፒታሉ ግን ገና 7 ኪሎ ሜትር ይቀረዋል። ከእንግዲህ ወዲህ እንደ መብረቅ ቢፈጥን እንኳ ያሰበውን አማካይ ሊያገኝ አይችልም። በሰዓት 28 ቢነዳ 15 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ 56 ቢነዳ 7 ደቂቃ ተኩል። ትርፉ 7 ደቂቃ ተኩል ብቻ ሲሆን፥ ፍጥነት እጥፍ በሆነ ጊዜ መኪናው ፍሬን ከተያዘ በኋላ እስኪቆም የሚኼደው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ከፊቱ ሕፃን ወይም ከብት ቢገባበት፥ አንዲት ነፍስ ለማዳን የወጣው ሰው ሌላ ነፍስ ሊያጠፋ ነው።

ልጆች ሊለዩት የሚገባ አንድ ነገር ደግሞ አለ። ከሮቤ ጎባ ደርሶ የተመለሰ ሰው 28 ኪሎ ሜትር ኼዷል፤ ነገር ግን ከተነሣበት ስፍራ አልራቀም። ስለዚህ በተፈጥሮ ትምህርት የተኼደው መንገድ ርዝመትና ከመነሻ እስከ መድረሻ ያለው የስፍራ ለውጥ ለየብቻ ይቆጠራሉ፤ የስፍራው ለውጥ አቅጣጫ አለውና።

እንግዲህ ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው በሚጓዙበት ጊዜ የተነሡበትንና የደረሱበትን ሰዓት ልጁ እንዲጽፍ፥ ርቀቱንም ጠይቆ እንዲያካፍል ቢያደርጉት፥ ሒሳብን ከጨዋታ ጋራ ይማራል። ከሁሉም በላይ ግን ይህን ያስተውላል፤ በመነሻ ላይ በከንቱ የባከነ ጊዜ በመጨረሻ በሚደረግ ሩጫ አይመለስም። የመንገደኛ ጥበቡ መፍጠን ብቻ አይደለም፤ በጊዜ መነሣት ነው።