ሯጩ ከጎጃም፣ ክለቡ ከአዲስ አበባ

ሚያዝያ 28 ቀን 2003 ዓ.ም. ዶሃ ላይ በተካሄደው የዳይመንድ ሊግ የ3 ሺህ ሜትር ውድድር አንድ የ20 ዓመት ኢትዮጵያዊ በ7 ደቂቃ ከ27.26 ሰከንድ ቀድሞ ገባ። ሁለተኛ የወጣው ኬንያዊው ኤድዊን ሶይ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ኢሉድ ኪፕቾጌ ነበር፤ ከስምንት ዓመት በኋላ ቪየና ላይ ማራቶንን ከ2 ሰዓት በታች የሮጠው ኪፕቾጌ። ያን ዕለት ሁለቱንም ያስከተለው ወጣት የኔው አላምረው ይባላል፣ የተወለደውም ቲሊሊ ነው። ከደብረ ማርቆስ ተነስቶ በደምበጫና በፍኖተ ሰላም አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ ሰው ቡሬን ካለፈ በኋላ፣ እንጅባራ ከመድረሱ በፊት ቲሊሊን ያገኛታል። አብዛኛው መንገደኛ ግን በመኪና መስኮት አይቷት ያልፋል።

የኔው በ2005 ዓ.ም. የ5 ሺህ ሜትር የዳይመንድ ሊግ አጠቃላይ አሸናፊ ሆነ። ከእሱ በፊትም ከጎጃም የወጣችው ውዴ አያሌው ነሐሴ 2001 በርሊን በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ አግኝታለች። ወርቁን ከወሰደችው ከሊኔት ማሳይ የለያት ከ1 ሰከንድ ያነሰ ጊዜ ነበር። ብራዚል ውስጥ በፈረንጆች ዓመት ማብቂያ የሚካሄደውን የሳኦ ሲልቬስትሬ ሩጫም ሦስት ጊዜ አሸንፋለች። ታናሽ እህቷ ሕይወት አያሌው በ3 ሺህ ሜትር መሰናክል ለንደን ኦሎምፒክ ላይ ለፍጻሜ ተሰለፈች፣ ሞስኮ ላይ በዓለም ሻምፒዮና አራተኛ ወጣች፣ በ2006 ዓ.ም. የርቀቱን የዳይመንድ ሊግ ዋንጫ ወሰደች። በአንድ ቤት ሁለት የዓለም ደረጃ ሯጮች!

ጎጃም ሯጭ ያወጣል ወይ ብሎ መጠየቅ እንግዲህ ከንቱ ነው። የሚያሳስበው ሌላ ነገር ነው። እነዚህ ልጆች ከተወለዱበት ወረዳ እስከ ዓለም መድረክ ባለው መንገድ ላይ ጎጃም ውስጥ የሚገኘው ድርሻ የመጀመሪያው ብቻ ነው፤ ቀሪው በአብዛኛው ዓባይን ከተሻገሩ በኋላ የሚመጣ ነው።

የአገሩን አቀማመጥ ያየ አሠልጣኝ በዚህ መቆጨቱ አይቀርም። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,450 ሜትር ትጠጋለች፤ የረጅም ርቀት ሯጭ ሳንባና ደም ለመገንባት ባለሙያዎች የሚመርጡት ከፍታ ነው። ከከተማዋ በስተሰሜን የጮቄ ተራራ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ይወጣል። በስተደቡብ በደጀን በኩል ሲወርዱ የዓባይ በረሃ 1 ሺህ ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ከውርጭ እስከ ቆላ ሙቀት፣ ከዳገት እስከ ሜዳ፣ አትሌት ሊለማመድበት የሚፈልገው የአየር ጠባይ ሁሉ በአንድ ዞን ውስጥ አለ። ለዚህ ዓይነት አቀማመጥ የውጭ አገር ሯጮች ውድ ገንዘብ ከፍለው አውሮፕላን ይሳፈራሉ።

በየወረዳው ያለው የሥልጠና ቦታ በተለምዶ «ፕሮጀክት» ይባላል። ስሙ ትልቅ ነው፤ ነገሩ ግን አንድ የስፖርት መምህር ወይም የወረዳ ስፖርት ባለሙያ፣ ከሃያ እስከ ሠላሳ የሚሆኑ ታዳጊዎችና አንድ የእጅ ሰዓት ነው። ልጆቹ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተሰባስበው ትምህርት ቤት ሳይገቡ ይሮጣሉ። ገሚሱ ኮንጎ ጫማ አድርጓል፣ ገሚሱ ከታላቅ ወንድሙ በወረሰው ሸራ ነው፣ ባዶ እግሩን የሚሮጥም አይጠፋም። ክረምት ሲገባ ጥቁሩ አፈር ጭቃ ስለሚሆን ከሜዳው ወጥተው አስፋልት ላይ ከአይሱዙና ከባጃጅ ጋር ይጋፋሉ። የመሰናክል ሯጭ መሆን የምትፈልግ ልጅማ ፈተናዋ ድርብ ነው። በ3 ሺህ ሜትር ውስጥ 28 አግዳሚና 7 የውሃ ዝላይ አለ፤ የሴቶቹ አግዳሚ ቁመት 76.2 ሴንቲ ሜትር ነው። በወረዳ አግዳሚው ሁለት ባላ ላይ የተጋደመ የባሕር ዛፍ አጣና ይሆናል። የውሃው ጉድጓድ ግን በምንም አይተካም፤ ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃ ውስጥ የምታርፈው ትልቅ ከተማ ሄዳ ውድድር ላይ ነው።

አሠልጣኙም «ላብ መተኪያ» የሚባለው ድጎማ ለልጆቹ እንዲመጣ ለወረዳው ደብዳቤ ይጽፋል። ትጥቅ ይጠይቃል፣ የውሎ አበል ይጠይቃል። አንዳንዱ ዓመት ይመጣል፣ አንዳንዱ ዓመት «በጀት አልተያዘም» የሚል መልስ ይመጣል። ዛሬ በዓለም መድረክ የሚሮጥበት አንድ ጥንድ የካርቦን ጫማ ዋጋው ከመምህሩ የወር ደመወዝ እንደሚበልጥ እዚህ ላይ ማስታወስ ያስፈልጋል።

ከወረዳ ያሸነፈ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ኢትዮጵያ ሻምፒዮና ይሄዳል። ክለቦቹ የሚጠብቁት እዚያ ነው። መቻል፣ ንግድ ባንክ፣ ኢትዮ ኤሌክትሪክ፣ ኦሜድላ፣ ፌዴራል ማረሚያ ቤቶች፤ የክለቦቹ አሠልጣኞች ከመሙ ዳር ቁጭ ብለው ሰዓት ይይዛሉ፣ ደብተራቸው ላይ ስም ይጽፋሉ። ከክልሉም እንደ አማራ ማረሚያ ቤቶች ያሉ ክለቦች ባሕር ዳር ሆነው ይመለምላሉ። የተመረጠው ልጅ ደመወዝተኛ ይሆናል፤ ምግብና መኝታ ያገኛል፣ አሠልጣኝና ሐኪም ያገኛል። ሰዓቱ ካማረ ደግሞ ማናጀር ይመጣለታል፤ ማናጀሩ ከሽልማቱ በተለምዶ 15 በመቶ እየወሰደ አውሮፓ ያወዳድረዋል።

ክለቦቹን መውቀስ ቀላል ነው፤ እኔ ግን ከእነሱ አልጀምርም። ለጎጃም ገበሬ ልጅ የክለብ ደመወዝ ምን እንደሆነ መጀመሪያ መረዳት ይገባል። በአማራ ክልል መሬት ለመጨረሻ ጊዜ በስፋት የተሸነሸነው በ1989 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ የተወለደ ልጅ የሚጠብቀው የአባቱን ማሳ ነው፤ ያንንም ከወንድሞቹና ከእህቶቹ ጋር ተካፍሎ። ብዙ ቤተሰብ ያለው ማሳ ከአንድ ሄክታር በታች በሆነበት አገር አምስት ልጆች ምን ይካፈላሉ? ስለዚህ በ17 ዓመቱ የክለብ ውል የፈረመ ልጅ ጉልት እንዳገኘ ይቆጠራል። ለሴት ልጅ ደግሞ ነገሩ ከዚህም ይከብዳል። ሕጉ ከ18 ዓመት በታች መዳርን ይከለክላል፤ ነገር ግን በጎጃም ገጠር ልጅን ቶሎ የመዳር ልማድ ገና አልጠፋም። የምትሮጥ ልጅ ከሽማግሌ ጋርም ትሽቀዳደማለች። ክለብ ከገባች ግን «ልጄ ሥራ ላይ ናት» ለማለት አባትየው አፍ ያገኛል። ክለቦቹ ይህን ሁሉ እያደረጉ ነውና ይመስገኑ።

ጉድለቱ ያለው ከታች ነው። ልጁን በ12 ዓመቱ ያየው፣ ሳይከፈለው ለአራትና ለአምስት ዓመት ያሮጠው መምህር ከዚህ ሁሉ የሚያገኘው የልጁን ስም በሬዲዮ መስማት ነው። ወረዳው እንኳንስ ገንዘብ፣ ጥንድ ጫማ አይመለስለትም። ቀጣዩን ልጅም ከዜሮ ይጀምራል፤ ያው ደብዳቤ፣ ያው «በጀት አልተያዘም»።

በእግር ኳስ ይህ ነገር መላ ተበጅቶለታል። ፊፋ በ1993 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ አንድ ተጫዋች ከአገር አገር ሲሸጥ ከዝውውሩ ዋጋ 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ድረስ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። የመንደር ክለብ ሳይቀር ልጁ አድጎ በተሸጠ ቁጥር ድርሻ አለው። ሩጫ ግን የዝውውር ገበያ የሌለው ስፖርት በመሆኑ በዓለም አትሌቲክስ ዘንድ ይህን የሚመስል ሥርዓት አልተሠራም። ስለዚህ መላውን ራሳችን መምታት አለብን።

ልጆቹ የሚያድጉበት ትንሽ ከተማ ራሱ ትልቅ ክለብ መያዝ አይችልም የሚል ካለ ደግሞ ከሩጫ ወጣ ብሎ ፈረንሳይን ይመልከት። በደቡብ ፈረንሳይ ካስትር የምትባል ከተማ አለች፤ ነዋሪዋ 42 ሺህ ገደማ ነው። ደብረ ማርቆስ ገና በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ 62,497 ሰው ነበራት። ካስትር ግን በሞላላ ኳስ በሚጫወቱት በራግቢ እ.ኤ.አ. በ2013 እና በ2018 የመላ ፈረንሳይ ሻምፒዮን ሆናለች፤ እነ ፓሪስንና ቱሉዝን አስከትላ ማለት ነው። ክለቡን የሚደግፈው እዚያው አካባቢ የተመሠረተ የመድኃኒት ፋብሪካ ነው። ከዚህም በላይ የሚገርመው የሊጉ ደንብ ነው። እያንዳንዱ የአንደኛ ዲቪዚዮን ክለብ በአገሪቱ ማሠልጠኛዎች ያደጉ ተጫዋቾችን በተወሰነ ቁጥር ማሰለፍ ግዴታው ነው፤ ያላሟላ ይቀጣል። ታዳጊ ማሳደግ የደግነት ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የሂሳብ ጉዳይ ሆነ፤ ክለቦቹም ማሠልጠኛቸውን አጠነከሩ።

በእኛ አገር ክለብ በአብዛኛው የከተማ ልጅ ሳይሆን የመሥሪያ ቤት ልጅ ነው። መሥሪያ ቤቱ ሲወድ ይኖራል፣ ሲሰለች ይፈርሳል። ንግድ ባንክ የወንዶች እግር ኳስ ቡድኑን በ2009 ዓ.ም. አፈረሰ፤ በኋላ እንደገና አቋቁሞ በ2016 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ አነሳ። መነሳቱ ጥሩ ነው፤ ግን በአንድ ደብዳቤ የሚፈርስ፣ በሌላ ደብዳቤ የሚነሳ ክለብ የታዳጊ ሥራ ሊሠራ እንዴት ይችላል? ታዳጊ ስምንትና አሥር ዓመት ይፈልጋል። ጎንደር ላይ ዳሸን ቢራም ክለብ አቋቁሞ ፕሪሚየር ሊግ አድርሶ ነበር፤ ከሊጉ በወረደ ማግስት ክለቡም አበቃ። የከተሞቹ ክለቦች ደግሞ የሚኖሩት በከተማ አስተዳደር በጀት ነው፤ ያም ገንዘብ በአብዛኛው ከሌላ ቦታ ለሚመጡ ተጫዋቾች ደመወዝ ይውላል። ነገሩ ከልክ አልፎ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ እስከ ማውጣት ተደርሷል። የአንድ ተጫዋች የአንድ ወር ደመወዝ ለአንድ ወረዳ ፕሮጀክት ስንት ጫማ እንደሚገዛ ማስላት ለማንም አያቅትም።

የ1990ው የስፖርት ፖሊሲ ስፖርት ሕዝቡ በሚኖርበት፣ በሚሠራበትና በሚማርበት ቦታ እንዲስፋፋ ያዛል። ወረቀቱ ላይ ጥፋት የለም። የሚጎድለው በቦታው የሚቆይ ሰው ነው፤ በቆጂን ያነሣ ሰው ይህን ያውቃል። ደራርቱን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን ያፈራችው ያች የአርሲ ከተማ ትልቅ ክለብ አልነበራትም፤ የነበራት ስንታየሁ እሸቱ የሚባል፣ ከዓመት ዓመት ከቦታው ያልተነቃነቀ የስፖርት መምህር ነው። ጎጃም ውስጥ እንደ እሱ ያለ መምህር የለም ማለት አይቻልም። እንዲቆይ የሚያደርግ ነገር ግን የለም። መምህሩ ይዛወራል፣ ይሰለቻል፣ ወይም የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ይሄዳል፤ ፕሮጀክቱም አብሮት ይሄዳል።

በዚህ ላይ በክልሉ ጦርነት መጣ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ አዋጁ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ቢያበቃም ግጭቱ አልበረደም። በክልሉ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆኑ፤ ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ጎጃም ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሚቀረው ሒሳብና ሳይንስ ብቻ አይደለም። የትምህርት ቤቶች ውድድር ይቀራል፤ የወረዳው አሠልጣኝ ልጅ የሚያይበት ሜዳ ይቀራል። መንገድ ሲዘጋ የዞን ውድድር ይታጠፋል። በ12 ዓመቱ መታየት የነበረበት ልጅ ዛሬ 14 እና 15 ደርሷል፤ ከአሁን በኋላ ሲመጣ ደግሞ ዕድሜ ለመቀነስ የሚገፋፋው ብዙ ነው። ዕድሜ ማጭበርበር አስቀድሞም የአትሌቲክሳችን በሽታ ነበር፤ አንድ የ23 ዓመት ጎልማሳ ከ18 ዓመት በታች ውድድር ሲያሸንፍ የሚገፋው እውነተኛ የ16 ዓመት ልጅ አለ። ያ የተገፋ ልጅ ወደ ቤቱ ይመለሳል፣ ማንም አይጽፍለትም።

ሰላም በሌለበት ስለ ሩጫ ማውራት ቅንጦት ነው የሚል ይኖራል። አይደለም። ሥራ የሌለውና መሬት የሌለው ወጣት በበዛበት አገር፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የሚጠብቀው አሠልጣኝ ያለው ልጅ ቢያንስ የሚሄድበት ቦታ አለው።

ለኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን፣ ለክልሉ ፌዴሬሽንና ለክለቦቹ የሚቀርበው ጥያቄ የስታዲየም ጥያቄ አይደለም። አንድ አትሌት በክለብ ሲመዘገብ ያሳደገው ፕሮጀክትና የመጀመሪያ አሠልጣኙ ስም በፎርሙ ላይ ይስፈር። አትሌቱ ከውጭ ውድድር ሽልማት ሲያመጣ፣ ማናጀሩ 15 በመቶ በሚወስድበት አገር፣ ከማናጀሩና ከክለቡ ድርሻ ጥቂቱ ተቀንሶ ወደዚያ ፕሮጀክት ይመለስ፤ በጥሬ ገንዘብ ካላመቸ በጫማና በትጥቅ ይሁን። ይህን ለመጀመር አዲስ አዋጅ አያስፈልግም፤ የፌዴሬሽኑ ጠቅላላ ጉባኤ በአንድ ቀን ስብሰባ ሊወስነው ይችላል።