የውጅግራ ጥይትና የሽርፍራፊ ሚሊ ሜትር ጉዳይ

ፒያሳ የሚገኘው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም በየካቲት 2016 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ስለዚያ ዘመን መሣሪያ የሚጠይቀው ሰው በርክቷል። ወሬው ግን ሁልጊዜ ስለ ጠመንጃው ነው። ስለ ጥይቱ የሚያነሳ የለም። ጥይት የሌለው ጠመንጃ ደግሞ ከዱላ አይሻልም።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ከተሰለፉት ጠመንጃዎች አንዱ ውጅግራ ነበር። ፈረንሳዮች በ1874 እ.ኤ.አ. ያወጡት፣ 11 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ መሣሪያ ነው። ጥይቱ ከናስ ቀለህ፣ ከ5 ግራም ጥቂት ከሚበልጥ ጥቁር ባሩድና 25 ግራም ከሚመዝን የእርሳስ አረር የተሠራ ነው። ይህ ጥይት ከአሞሌ ጨውና ከማሪያ ቴሬዛ ብር ጎን ለጎን በገበያ እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር። ይሁን እንጂ ብርን መዝኖና አቃጭሎ መለየት ሲቻል፣ የጥይትን ውስጥ ግን ማንም አያየውም። ቀለሁ ተኩሶ የተለቀመና እንደገና የተሞላ ቢሆን ተቀባዩ በምን ያውቃል?

ጥይትን በእጅ መሙላት ቀላል ይመስላል። ባሩድ ጨምሮ አረሩን ቀለሁ አፍ ላይ መሰካት ነውና። ችግሩ ያለው አረሩ ምን ያህል ጠልቆ ይግባ በሚለው ላይ ነው። ጥቁር ባሩድ በባሩዱና በአረሩ መካከል ክፍተት እንዲኖር አይፈቅድም። ክፍተት ከኖረ አፈሙዙ ሊያብጥ፣ ሊፈነዳም ይችላል። ጭስ አልባው ዘመናዊ ባሩድ ጠባዩ ሌላ ነው። አረሩ ከልኩ በላይ ከጠለቀ ባሩዱ የሚነድበት ቦታ ይጠብና ግፊቱ ይጨምራል። በተቃራኒው ወደ ውጭ ወጥቶ በአፈሙዙ ውስጥ ያሉትን ጠመዝማዛ ቦዮች ከነካም፣ ገና ሲነሳ ስለሚያዝ ግፊቱ እንዲሁ ይጨምራል።

ሥራው በሕግ በተፈቀደባቸው እንደ አሜሪካ ባሉ አገሮች ዒላማ ተኳሾች በታተመ መመሪያ ከተቀመጠው ልክ ይነሳሉ። የባሩዱን ዓይነትና መጠን ሳይነኩ ጥልቀቱን ብቻ በሽርፍራፊ ሚሊ ሜትር እየለዋወጡ፣ ከእያንዳንዱ ልክ ጥቂት ጥይት ተኩሰው የትኛው ዒላማው ላይ ተሰብስቦ እንዳረፈ ያያሉ። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው የትኛው እንደሠራለት አያውቅምና። የተገኘው ልክም ለዚያ ጠመንጃ ብቻ ነው፤ ሌላው ጠመንጃ ጉሮሮው ተበልቶ ሊሆን ይችላል። ፋብሪካ ግን ለማን ጠመንጃ እንደሚደርስ ስለማያውቅ ለሁሉም በሚስማማ አንድ ልክ ያመርታል።

በእኛ አገር ጉዳዩ የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ አይደለም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ጥይትን ያለ ፈቃድ መያዝን፣ መሸጥንና ማምረትን ይከለክላል።  አንዳንዱ ይህን መንግሥት የዜጋውን ትጥቅ ለመቆጣጠር ብቻ ያወጣው አድርጎ ያየዋል። ሌላም ጎን አለው። ከፋብሪካ የወጣ ጥይት ጉድለት ቢኖርበት መነሻው ይታወቃል። በስውር የተሞላ ጥይት ግን ፊት ላይ ቢፈነዳ ተጠያቂው ማን ነው? የተጎዳው ሰው የሚከሰው አያገኝም። እሱ ራሱ ግን ሊከሰስ ይችላል።

ከአባት ወይም ከአያት የቀረ ጠመንጃና ጥቂት ጥይት በሳጥን ያስቀመጠ ቤተሰብ በከተማችንም አይጠፋም። መልካም ትዝታ ነው። ያ ጥይት ግን በማን እጅ፣ በየትኛው ባሩድ፣ በምን ልክ እንደተሞላ የሚመሰክር የለም። ለሠርግም ሆነ ለለቅሶ አይተኮስ፤ ለማየትም ተብሎ አይፈልቀቅ። ፈቃድ ከሌለው ፖሊስን ማነጋገር ይሻላል። የውጅግራው ታሪክ የሚከበረው በታሪክነቱ ነው፤ ለክብሩ ሲባል ማንም ዓይኑን ማጣት የለበትም።