የሕመምተኛው ምሥጢርና የባለሙያው አደራ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ብሂል ለአካል ሕመም ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ለአእምሮ ሕመም እንዲያውም ይበልጥ ይሠራል። የተሰበረን እግር ሐኪሙ በራጅ ሊያየው ይችላል። የተጨነቀን ልብ ግን ሊያውቀው የሚችለው በአብዛኛው ባለቤቱ ሲናገር ነው። በንግግር በሚሰጥ ሕክምና ቃል የምርመራ መሣሪያም መድኃኒትም ነው። ስለዚህ ሕመምተኛው የተናገረውን በአደራ መጠበቅ ከጨዋነት አልፎ የሕክምናው አንድ ክፍል ነው። በዚህ ጽሑፍ የምሥጢርን ጥቅምና ወሰን፣ እንዲሁም መምህራንና ተማሪዎች ከዚህ የሚያገኙትን ትምህርት እንመለከታለን።

ሀ. ምሥጢር ለምን ይጠበቃል?

አደራው ጥንታዊ ነው። በግሪካዊው ሂፖክራጥስ ስም የሚጠራው መሐላ ሐኪም በሥራው ያየውንና የሰማውን እንዳያወራ ያዝዝ ነበር። የዓለም ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1948 ያጸደቀው የጄኔቫ ቃል ኪዳንም ይህንኑ አጽንቶታል። ለእኛም ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ ምእመን ለንስሐ አባቱ ልቡን የሚከፍተው የተናገረው ከዚያ እንደማያልፍ ስለሚያምን ነው። በአገራችን ሕግም የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መከበር ይደነግጋል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 399 ሐኪሞችንና ሌሎችንም ባለሙያዎች የሙያ ምሥጢር ማውጣት እንደሚያስቀጣቸው ያስጠነቅቃል።

የምሥጢር ጥቅም ጎልቶ የታየበት አንድ ክርክር በአሜሪካ ተነሥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 በኢሊኖይ ክፍለ ግዛት አንዲት ፖሊስ በሥራ ላይ ሳለች ሰው ተኩሳ ገደለች። ከዚያ በኋላ የሥነ ልቡና ምክር ወደምትሰጥ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ እየሄደች 50 ጊዜ ያህል ተነጋገረች። የሟቹ ወገኖች ከሰው የምክሩ ማስታወሻ እንዲቀርብላቸው ጠየቁ። ፖሊሷም ባለሙያዋም እምቢ አሉ። ጉዳዩ ለአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ማስታወሻው በማስረጃነት እንዳይጠየቅ በ7 ለ2 ድምፅ ተወሰነ። ፍርድ ቤቱ ከሰጣቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው፤ ነገሬ በችሎት ይነበባል ብሎ የሚፈራ ሰው መጀመሪያውኑ አይናገርም፤ ካልተናገረም ሕክምናውም ቀረ፣ የሚፈለገውም ማስረጃ አይገኝም።

ለ. ወሰኑ የት ነው?

ይሁንና ምሥጢር ወሰን የለውም ማለት አይደለም። ለዚህ በየአገሩ የሕግና የሥነ ልቡና ተማሪዎች የሚያጠኑት የታራሶፍ ጉዳይ ምሳሌ ይሆነናል። እ.ኤ.አ. በ1969 በካሊፎርኒያ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የሚማር አንድ ወጣት፣ በዩኒቨርሲቲው ሐኪም ቤት ለሚያክመው የሥነ ልቡና ባለሙያ አንዲት ወጣት ሴት ለመግደል እንዳሰበ ነገረው። ባለሙያው ለዩኒቨርሲቲው ፖሊስ አስታወቀ። ፖሊሶቹ ወጣቱን ይዘው ጠየቁት፤ አእምሮው የተረጋጋ መስሎ ስለታያቸውና ወደ እርሷ እንደማይቀርብ ቃል ስለገባላቸው ለቀቁት። ለወጣቷ ለታቲያና ታራሶፍም ሆነ ለወላጆቿ የነገረ ግን አልነበረም። በጥቅምት ወር 1969 ተገደለች።

ወላጆቿ ከሰሱ። የካሊፎርኒያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1976 በሰጠው ውሳኔ፣ ታካሚው በሌላ ሰው ላይ ከባድ አደጋ እንደሚያደርስ ባለሙያው ካወቀ ወይም ማወቅ ከነበረበት፣ ያን ሰው ለማዳን ተገቢውን ጥንቃቄ የማድረግ ግዴታ አለበት አለ። እንደ ሁኔታው ግዴታው ለተጠቂው ወይም ለፖሊስ ማሳወቅ ሊሆን ይችላል። በውሳኔው ያልተስማሙት ዳኛ ክላርክ ግን ሕመምተኞች ሊታሙ ይችላሉ ብለው ፈርተው ከሐኪም ቢርቁ አደጋው ይብሳል በማለት ተከራከሩ። የሁለቱም ወገን ሐሳብ ሚዛን የሚደፋ ስለሆነ፣ ዛሬም የአገሮች ሕግ በዝርዝሩ ይለያያል። ብዙ ባለሙያዎች የሚከተሉት መንገድ ግን አለ፤ ይኸውም ሕክምናው ሲጀመር፣ ምሥጢር የሚጠበቀው እስከ የት እንደሆነ ለታካሚው አስቀድሞ መንገር ነው።

ሐ. በትምህርት ቤት

መምህር የአእምሮ ሐኪም አይደለም። ሆኖም የተጨነቀ ተማሪ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያዋየው የሚያምነውን መምህር ነው። ስለዚህ የሚከተሉትን ማሰብ ይጠቅማል።

1. «ለማንም አልናገርም» ብሎ ቃል መግባት አይገባም። «የነገርከኝን አላወራም፤ ግን ሕይወትህ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ሊረዳን የሚችል ሰው መጥራት አለብኝ» ማለት ይሻላል።

2. ራስን የማጥፋት ሐሳብ፣ በሌላ ሰው ላይ የታሰበ ጉዳት ወይም በልጁ ላይ የሚፈጸም በደል ሲሰማ ዝም ማለት አይገባም። በደሉ ከቤት የመጣ ከሆነ ግን ቸኩሎ ለቤተሰብ መናገር ልጁን ሊጎዳ ስለሚችል፣ አስቀድሞ ከትምህርት ቤቱ የምክር አገልግሎት ባለሙያ ጋር መመካከር ያስፈልጋል።

3. መናገር ግድ ሲሆን ለሚመለከተው ሰው ብቻ፣ ለእርዳታው የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ መናገር። ከተቻለም ተማሪው አስቀድሞ ይወቅ።

4. የተማሪን ገመና በመምህራን ማረፊያ ክፍል ማውራት ወይም በስልክ መልእክት ማስተላለፍ አደራን ማፍረስ ነው። ስሙ ባይጠራም በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ማን እንደሆነ በቀላሉ ይታወቃል።

ተማሪዎችም በበኩላችሁ፣ ወደ አማካሪ ስትሄዱ «የምነግርዎትን ማን ያየዋል? ማስታወሻውስ የት ይቀመጣል?» ብላችሁ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ጓደኛችሁ ራሴን አጠፋለሁ ብሎ በምሥጢር ቢያዋያችሁ ግን ሸክሙን ብቻችሁን አትያዙት፤ ለምታምኑት አዋቂ ሰው በዚያው ቀን ንገሩ። ይህን ማድረግ ጓደኛን ማሳጣት አይደለም። ምሥጢር የሚጠበቀው ሰውን ለማዳን ነውና፣ ሰውን ለማዳን ሲባልም ለሚመለከተው ይነገራል።