ባለ ሦስት ፍሬው መድኃኒት

ከጭሮ ተነስቶ በገለምሶ አድርጎ መቻራ የገባ መንገደኛ ጉሮሮውን ሲያመው መድኃኒት ቤት ገብቶ «ያቺን ባለ ሦስት ፍሬ» ቢል አያስገርምም። አዚትሮማይሲን ማለቱ ነው። በቀን አንድ ባለ 500 ሚሊ ግራም፣ ለሦስት ቀን፣ በቃ። ሳምንት ሙሉ ኪኒን መቁጠር ለሰለቸው ሰው ትልቅ እፎይታ ነው።

መድኃኒቱ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1980 ዛግሬብ ውስጥ፣ በፕሊቫ ኩባንያ ተመራማሪዎች ነው። ኤሪትሮማይሲን የተባለውን የቀድሞ አንቲባዮቲክ የሞለኪውል ቀለበት ከፍተው አንድ ናይትሮጅን ጨመሩበት። በዚህች ለውጥ መድኃኒቱ የጨጓራ አሲድን የሚቋቋም፣ ከደም ወጥቶ ሴሎች ውስጥ የሚከማች ሆነ። ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ 68 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ባክቴሪያው ፕሮቲን የሚሠራበትን ራይቦዞም ይይዝና ሥራውን ያስቆመዋል፤ የመጨረሻዋ ፍሬ ከተዋጠች በኋላም ለቀናት ይሠራል።

ትራኮማ ለተባለው የዓይን በሽታ የተመረጠውም ሴል ውስጥ በመከማቸቱ ነው፤ በሽታውን የሚያመጣው ክላሚዲያ የተባለ ባክቴሪያ የሚኖረው ሴል ውስጥ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው የኢትዮጵያ አገር አቀፍ ጥናት ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ ልጆች 40 በመቶ ያህሉ ንቁ ትራኮማ ነበረባቸው፤ በኦሮሚያ 41፣ በአማራ ከ62 በላይ። የቀድሞው ሕክምና የቴትራሳይክሊን ቅባት ነበር፤ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለስድስት ሳምንት። ውኃ ከሩቅ የምትቀዳ እናት ይህን ለልጆቿ ሁሉ እንዴት ታድርሰው? አዚትሮማይሲን ለመንደሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ በሚታደልበት እደላ ግን ትልቅ ሰው አራት ባለ 250 ፍሬ በአንዴ ይውጣል። ልጅ ቁመቱ በዘንግ ተለክቶ ሽሮፕ ይጠጣል፤ ሚዛን አያስፈልግም። ቅባቱ የቀረው ከስድስት ወር በታች ላሉ ሕፃናት ነው።

ምሥራቅ ጎጃም፣ ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ የተደረገው ጥናት ሁለት ነገር አሳየ። እደላው በደረሰባቸው ቀበሌዎች የልጆች ሞት ቀነሰ። በልጆች አፍንጫ ያለው ኒሞኮከስ የተባለ ባክቴሪያ ግን መድኃኒቱን እየለመደ ሄደ፤ እደላው ሲቆም ልማዱ ተመልሶ ወረደ። ከሰውነት ቀስ ብሎ የሚወጣ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ በአነስተኛ መጠን ይቆያል፤ ባክቴሪያ የሚለምደውም ያን ጊዜ ነው።

ስለዚህ መቻራ ላይ ጉንፋን የያዘው ሰው ያቺን ባለ ሦስት ፍሬ ባይገዛ ይሻለዋል። ቫይረስ ራይቦዞም የለውም፤ መድኃኒቱ የሚይዘው ነገር አያገኝም። ሐኪም አዞለት የሚወስድ ከሆነ ደግሞ የልብ ምት መዛባት ካለበት አስቀድሞ ይናገር፤ አሉሚኒየም ወይም ማግኒዚየም ያለበትን የጨጓራ ማስታገሻም አብሮ አይውሰድ።